ቅንጬው፣ ቆርቆሮውና ጥቁሩ ፍሬ

«አጃ ብላ» የሚለው ምክር ከጤና ጣቢያ እስከ ለቅሶ ቤት የተለመደ ሆኗል። ስኳር አለብህ የተባለ፣ ደም ግፊት የጀመረው፣ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል የተባለ ሁሉ ይህንኑ ይሰማል። ምክሩ የትኛውን አጃ እንደሆነ ግን አይናገርም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐይቅ ከተማ አንድ ገዢ ባለሱቁን ይህንኑ ቢጠይቀው፣ ባለሱቁ ሳያመነታ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረደለት። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ይህ ተራ ግብይት ነው። እዚያው ገበያ ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከደጋው የወረደ የአጃ ቅንጬ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር። ባለሱቁ ያወረደው ቆርቆሮ ውዱ ነው፤ የተሻለው ግን አልነበረም። ይህን ለማለት የአገር ፍቅር አያስፈልግም፤ እህሉ እንዴት እንደተሰበረ ማየት ይበቃል።

በየመደርደሪያው የሚታዩት የአጃ ዓይነቶች የተለያየ ዘር ይመስላሉ እንጂ አብዛኞቹ አንድ ዘር ናቸው። የሚለያቸው የደረሰባቸው ነገር ነው። ገለባው የወለቀ ሙሉ ፍሬ ሁለትና ሦስት ቦታ ቢከካ ቅንጬ ይሆናል፤ ፈረንጆቹ በብረት ቢላ የተቆረጠ እያሉ በውድ የሚሸጡት ይኸው ነው። ፍሬው በእንፋሎት ለስልሶ በብረት ጥቅል መካከል ቢዳመጥ ዝርግ አጃ ይወጣዋል። ያው ፍሬ አስቀድሞ ተከክቶ፣ ከዚያ ስስ ሆኖ ቢዳመጥ ቶሎ የሚበስለው ነው። ተቀቅሎ ደርቆ የፈላ ውሃ ብቻ የሚጠብቀው ደግሞ ፈጣኑ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ስኳርና ማጣፈጫ ይዞ ይመጣል። ይህ ደረጃ የተፈጠረው ለጤና ተብሎ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፈርዲናንድ ሹማከር የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ፣ ለፈረስ ቀለብ ይቆጠር የነበረውን አጃ ለሰው ቁርስ መሸጥ ጀመረ። የእሱን ንግድ የኋላ ኋላ የጠቀለለው ኩዌከር የተባለው ኩባንያ በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሎ የሚበስለውን፣ በ1966 ደግሞ ፈጣኑን ለገበያ አቀረበ። በእያንዳንዱ እርምጃ የተቆጠበው የደንበኛው ደቂቃ ነው። ሆዱ ውስጥ የሚሆነው ነገር የተጠናው በኋላ ነው።

በጥናት የተገኘው ደግሞ እነሆ። አጃን ከአብዛኛው እህል የለየው ቤታ ግሉካን የተባለ፣ በውሃ የሚሟሟ ዝልግልግ አሰር ነው። አጃ ሲበስል የሚዝለገለገው በእሱ ምክንያት ነው። ይህ ዝልግልግ በአንጀት ውስጥ ምግቡን ያዘገየዋል፤ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ሐሞትን ይዞ ስለሚወጣም ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1997 እ.ኤ.አ. በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ እንደሚችል በአጃ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ። 3 ግራሙን ለማግኘት 75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ይበቃል። በዚህ መጠን የሚወርደው ጎጂው ኮሌስትሮል 5 በመቶ ገደማ ነው። ጥቂት ቢመስልም ለቁርስ ሥራ አያንስም፤ የሐኪም መድኃኒት ግን አይተካም። የስኳሩ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ በአሰባበሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ምግብ ደም ውስጥ ስኳርን በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ በሚለካው መስፈርት፣ ንጹሕ ግሉኮስ 100 ሲሆን፣ ቅንጬውና ወፍራሙ ዝርግ 55 አካባቢ ናቸው፤ ፈጣኑ ከ70 በላይ ይወጣል። እህሉ ያው እህል፣ አሰሩም ያው ነው። ልዩነቱ ቅንጣቱ በደቀቀና ስታርቹ ቀድሞ በበሰለ ቁጥር ለሆድ የሚቀረው ሥራ ማነሱ ነው። በሐይቅ ገበያ እህል ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት ነገሩን ከመለኪያው በፊት ደርሰውበታል፤ ጥርስ ያላየው እህል ሆድ አይዝም ባይ ናቸው።

እኚሁ እናት ስለ ቆልታውም ጥብቅ አቋም አላቸው፤ ሳይታመስ የተፈጨ አጃ ሳምንት አይቆይም፣ ይመራል ይላሉ። ትክክል ናቸው። አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ቅባት አለው፤ ከክብደቱ 7 በመቶ ያህል። ያንን ቅባት የሚያፈርስ ሊፓዝ የተባለ ኢንዛይም አብሮት ይኖራል፤ ፍሬው ሳይሰበር ሁለቱ አይገናኙም፤ ሲሰበር ግን ወዲያው ይገናኙና ዱቄቱ ይመራል። ፋብሪካዎች አጃውን በእንፋሎትና በምድጃ የሚያሳልፉት ይህን ኢንዛይም ለመግደል ነው። የደጋው እናት አጃውን በምጣድ አምሳ፣ በሙቀጫ ሸክሽካ፣ በሰፌድ አበጥራ፣ ከዚያ ወደ ወፍጮ የምትልከው በዚሁ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ያው ሙቀት ገለባውን አድርቆ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርገዋል። በአንድ ምጣድ ሁለት ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ቆርቆሮው ሠለጠነ፣ ቅንጬው ኋላ ቀረ የሚባልበት ነገር የለም፤ የሥራው ሥርዓት አንድ ነው፤ አንዱ በጅምላ ይሠራዋል፣ ሌላዋ በምጣድ።

የዚህ ቅንጬ እህል ከወዴት እንደሚመጣ ደግሞ እነሆ። አርዲቦ ከታላቁ ጎረቤቱ ከሐይቅ ሐይቅ በላይ ባለ ተፋሰስ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሐይቅ ነው። ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል፤ እህሉም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው። በዝቅተኛው መሬት ማሽላና ጤፍ፣ ወደ አምባሰል ራስጌ ሲወጣ ስንዴና ገብስ፣ ውርጭ ባለበት ደግሞ ገብስ ከአጃ ጋር። «ከአጃ ጋር» የሚለው ትኩረት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ አጃ ታሪክ ለብቻው የተዘራ ሰብል ታሪክ አይደለም፤ ገብስ ማሳ ውስጥ ሳይጠሩት ገብቶ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ አብሮ የተዘራ የእንግዳ ታሪክ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲዞር ይህን አይቶ ተደንቋል። አጃ በዓለም ላይ ሰብል የሆነው በመጀመሪያ የሌላ እህል አረም ሆኖ እንደሆነ ይከራከር ለነበረው ለቫቪሎቭ፣ እዚህ ያየው ማሳ ሒደቱን ገና በጉዞ ላይ ሆኖ የሚያሳይ ነበር። የሐበሻው አጃ ከቆርቆሮው አጃ የተለየ ዝርያ ነው፤ የዓለም ገበያ አጃ 42 ክሮሞሶም አለው፣ የእኛው 28። የዱር ዘመዶቹ ሲደርሱ ፍሬያቸውን መሬት ላይ ያራግፋሉ፤ እሱ ግን ሳያራግፍ አጫጁን ይጠብቃል። ሰው ሳይመርጠው፣ ማጭዱ መረጠው ማለት ነው። ዛሬ በገበያ አጃ ተብሎ የሚሸጠው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ለመኖ ተብሎ ከውጭ የገባው ባለ 42ቱም በብዙ ደጋማ ወረዳ አለ።

ለቅንጬ መከራከር ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ለምን ቆርቆሮ ይገዛል? የመጀመሪያው መልስ ጊዜና ማገዶ ነው፤ ይህም የዋዛ ምክንያት አይደለም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፈጣን አጃ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ ቅንጬ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል። ወሎ ውስጥ፣ ጫፉ በተራቆተ ተራራ ሥር፣ ግማሽ ሰዓት እሳት ዋጋ አለው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ መብራት ባለበት ሰዓት መያዝ አለበት። ግን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ቅንጬ ጠዋት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለሁለት ቀን የሚሆን ተቀቅሎ ቢቀመጥም አይጎዳም። እንዲያውም በስሎ የቀዘቀዘ ስታርች ከፊሉ የማይፈጭ ስለሚሆን ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል። ፈጣኑ አጃ የሚቆጥበው ማገዶ የቆርቆሮውን ዋጋ ያህል እንደማይሆን ማንም ቤተሰብ በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል።

ሁለተኛው መልስ ንጽሕና ነው፤ ሊናቅ የማይገባውም እሱ ነው። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ጠጠር አልፈልግም፣ አቧራ አልፈልግም ይላል። ወሎ ላይ ግን ከጠጠር የከፋ ነገር በዚህ እህል ውስጥ ተገኝቷል። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ሰዎች እጅና እግራቸው መቃጠል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት መንዘር ጀመረ፤ ከዚያ ጣቶቻቸው ቀዘቀዙ፣ ጠቆሩ፣ ደርቀው ወደቁ። ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሕመሙ ኤርጎት በተባለ ፈንገስ የሚመጣ መመረዝ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ መንደሮችን ሲፈጅ የቅዱስ እንጦንስ እሳት የተባለው ያው ነው፤ የመነኮሳት አባት የሆኑት ጻድቅ ስም ወደዚያ በሽታ የገባው የእሳቸው ስም ያለበት ማኅበር ሕሙማኑን ያስታምም ስለነበር ነው። በአውሮፓ ፈንገሱን የተሸከመው አጃ ሳይሆን ራይ የተባለ እህል ነበር። በወሎው ምርመራ የተገኘው ደግሞ ገብሱ ውስጥ ተቀላቅሎ ያደገው የሐበሻ አጃ፣ ሲናር የምንለው፣ ነው። የላንሴት መጽሔት በ1979 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አትሞታል። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ተመሳሳይ መመረዝ በአርሲ በተበከለ ገብስ ተነሥቷል፤ የዚያን ጊዜውን ናሙና የመረመሩት የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ናቸው።

ፈንገሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዝናብና ቅዝቃዜ በበዛበት የአበባ ወቅት ወደ አበባው ይገባል፤ ፍሬ ሊሆን በነበረው ቦታ ጥቁር ሐምራዊ፣ ጠንካራ፣ ከፍሬው የረዘመ ቀንድ ያበቅላል። ከእህል ጋር ሲወቃ አይጠፋም። ክፉ ዓመት ሆኖ ገብሱ ሲከሳ ሲናሩ ስለማይበገር፣ በአውድማው ላይ ድርሻው ይጨምራል፤ የተራበ ቤት ደግሞ አይለቅምም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው አደጋው። ምግቡን ማብሰል መርዙን በእርግጠኝነት አያጠፋም። መፍትሔው ከእሳት በፊት ነው፤ መልቀም፣ መንፋት፣ ጥርጣሬ ካለ ጨው በበዛበት ውሃ መዝፈቅ፤ ቀንዱ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ደህናው ፍሬ ይሰምጣል። የሐይቋ ነጋዴ ከእህሉ የረዘመና የአይጥ ኩስ የመሰለ ሁሉ ለዶሮም አይሰጥም፣ እሳት ውስጥ ነው የሚገባው የሚሉት በዚሁ ልክ ነው። ከዚህ ግን ለቆርቆሮ ጠበቆች የማይመች ድምዳሜ ይከተላል። ሙሉ ፍሬ ሆኖ የተገዛ አጃ በዓይን ይመረመራል። ዱቄት አይመረመርም። ስለዚህ ከደጋው እህል የሚፈራ ሰው ከአጃ መሸሽ የለበትም፤ መሸሽ ያለበት ማን እንዳስፈጨው ከማያውቀው የአጃ ዱቄት ነው። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን አንድ ነገር ማለፍ ይከብዳል፦ ይኸው ፈንገስ ከሆዱ ኤርጎሜትሪን የተባለ መድኃኒት ወጥቶታል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለማቆም በየጤና ተቋሙ ለእናቶች ተሰጥቷል። አጃም የአራስ ምግብ ነው። ፈንገሱም እህሉም አንድ ቤት መድረሳቸው ነው።

ታዲያ በ1970 ዓ.ም. ከተገኘው ትምህርት ምን ቀረ? ለእርሻው ዘርፍ የቀረው «ሲናር አረም ነው» የሚለው ብቻ ይመስላል። ለስንዴ ማሳ ፓላስና ቶፒክ የተባሉ መርጫዎች ሲሰራጩ፣ ከሚያጠፏቸው አረሞች ግንባር ቀደሙ ሲናር ነው። ስንዴ ዘሪው አይወቀስም፤ ሲናር የገባበት ማሳ ምርቱ ይወርዳል። የቢራ ፋብሪካዎች የብቅል ገብስ ሲገዙም ሌላ እህል የተቀላቀለበትን ይመልሳሉ፤ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ይህን የማያውቅ አቅራቢ የለም። ለጤና አጥኚውና ለሐኪሙ ግን ያው ተክል መድኃኒትነት ያለው ቁርስ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ይረጨዋል፣ ሌላው ብሉት ይላል፤ በመካከሉ ያለው ገበሬ አጃን ለብቻው፣ ንጹሕ አድርጎ፣ ደረጃ አውጥቶ እንዲዘራ የሚነግረው የለም። ለሰው ምግብ የሚሆን የአጃ ዘር ሥራ ለምን ከመኖው ሥራ ኋላ እንደቀረ የተጠየቁ አንድ የዘርፉ ኃላፊ ሊመልሱ አልወደዱም፤ ጥያቄውን ወደ ሌላ ክፍል መሩት፣ ሌላው ክፍልም ወደ እሳቸው መለሰው። የዚህ ዋጋ የሚታየው ሱቁ ላይ ነው። ንጹሕ፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ ለምን እንደሚሆን የሚናገር የአገር ቅንጬ ማግኘት ከባድ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ይህን ሁሉ ማሸጊያው ላይ ይዞ ይቀርባል፤ የዶላር እጥረት ሲብስ ዋጋው ይንራል፣ ስኳር ያለበት ሰው ምክሩን ተቀብሎ መግዛት ሳይችል ይቀራል።

ሌላ ክርክርም ይነሳል፤ እሱ ደግሞ ከወሎ እናቶች በኩል ነው። አጃን ዱቄት አድርጎ ቀጭን አጥሚት ማፍላት የኖረ ነው፤ አራስ ትጠጣዋለች፣ ከሕመም የተነሣ ይጠጣዋል፣ በጾም በውሃ፣ በፍስክ በወተት። ዱቄት መጥፎ ከሆነ እናቶቻችን ተሳስተዋል ወይ? አልተሳሳቱም። ከምጥ የተነሣች ሴት የምትፈልገው ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ ጉልበትና ብዙ ፈሳሽ ነው፤ ለእሷ ፍጥነቱ ጥቅም ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ያው ፍጥነት ጉዳት ነው። ስህተቱ የአራስን ምግብ ለሁሉም ማዘዝ፣ በላዩም ሁለት ማንኪያ ስኳር መጨመር ነው። የረመዳን ሾርባም እንዲሁ ነው። ወሎ ውስጥ ጾም ሲፈታ ከቴምር ቀጥሎ የሚቀርበው የአጃ ሾርባ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለን ሆድ ለማለስለስ የተመቸ ነው፤ ስኳር ያለበት ጾመኛ ግን በቅንጬው የተሠራውን ቢመርጥ፣ በተለይ ከንጋት በፊት ለሚበላው ስሁር፣ ቀኑ ይቀልለዋል። ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ደግሞ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ያደገ አጃ ለእነሱ እንደማይሆን ሊነገራቸው ይገባል፤ አብዛኞቹን የሚጎዳቸው አጃው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

አጃ ጨርሶ ባይገኝስ? ቤታ ግሉካን የአጃ ብቻ አይደለም፤ ገብስ እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 እ.ኤ.አ. ለአጃ የተቀበለውን ኮሌስትሮል የመቀነስ ጥቅም በ2011 ለገብስም ተቀብሏል። ከአርዲቦ በላይ ያለ ቤት ሁሉ የገብስ ቅንጬ ያውቃል፤ በቅቤ ታሽቶ ለእንግዳ የሚቀርበው እሱ ነው። ቅቤው ሲቀንስ፣ ወይም በዘይት ሲተካ፣ ሐኪሙ የሚያዘው ቁርስ ይሆናል። አጃ ስላልተገኘ ወደ ነጭ ዳቦና ሻይ የሚዞር ሰው መካከል ላይ ያለውን ገብስ ዘሎ ነው የሚሄደው። ለገዢው የሚቀረው ከወፍጮ ቤት ጋር ያለው ጉዳይ ነው። የሐይቅ ወፍጮዎች ቅንጬ ሲከኩ በአብዛኛው የሚጠይቁት «ሻካራ ነው ወይስ ልም?» ብለው ነው። ሻካራ ይባል፤ ፍሬው ሙሉ ሆኖ ተለቅሞና ታምሶ ይሂድ፤ ከተከካ በኋላ በወንፊት ይነፋና የወረደው ዱቄት ለአጥሚት ለብቻው ይቀመጥ፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከሚበቃው በላይ አይፈጭ፤ በተዘጋ ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ ይዋል። ሽታው ቀለም ቀለም ማለት ሲጀምር ቅባቱ ተበላሽቷልና ይደፋ።